በሶፍትዌር የተሠራ ማኅተም፦ የቨርቹዋል ማሽን የደህንነት ቺፕ አዘገጃጀትና አጠባበቅ



የሳይንስና የቴክኒክ ዕድገት አንድን መሣሪያ ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከቢሮ ወደ ክፍል ለማድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። እኛ እጩ መምህራን ነገ ሥልጠናችንን ጨርሰን ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባት፣ ወደ ጃናሞራ ወይም ወደ በየዳ ስንመደብ፣ ከጠመኔና ከሰሌዳ ሌላ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ጥግ አንድ ኮምፒዩተር ተቀምጦ ሊጠብቀን ይችላል። በውስጡ የተማሪዎች ውጤት አለ፤ የፈተና ጥያቄ አለ፤ የመምህራን ማኅደር አለ። ታዲያ ኮምፒዩተሩ «አልከፈትም» ያለ ቀን ሁሉም ዞሮ የሚያየው ማንን ነው? አዲሱን ወጣት መምህር ነው። «ተምረህ የመጣኸው እኮ ለዚህ ነው»፣ «አንቺ ታውቂው የለ ወይ?» መባሉ አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ቁልፍ የሚጠብቀው የደህንነት ቺፕ ምን እንደሆነ፣ ይህንኑ ቺፕ በሶፍትዌር አስመስሎ ለቨርቹዋል ማሽን እንዴት እንደሚሰጡት፣ ከተሰጠም በኋላ የተማሪ ውጤት ተቆልፎ እንዳይቀር ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ ደረጃ በደረጃ እናያለን። ነገሩ ሲሰሙት የመሐንዲሶች ብቻ ይመስላል። ግን አይደለም፤ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያውቅ ሰው መሠረቱን ሊረዳው ይችላል።

ሀ. ነገሩ ለምን አሁን ተነሣ?

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንይ። ዊንዶውስ 11 የተባለው ሥርዓት መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2021) ሲወጣ፣ የሚጫንበት ኮምፒዩተር ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ እንዲኖረው ግዴታ አድርጎ መጣ። ከእሱ በፊት የነበረው የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አበቃ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ትምህርት ቤቶችና ቢሮዎች በሁለት እሳት መካከል ገቡ፤ አሮጌው ሥርዓት ጥገና አጣ፣ አዲሱ ደግሞ አሮጌውን ኮምፒዩተር «ቺፕ የለህም» ብሎ መለሰው።

ሁለተኛው ምክንያት የአገራችን ሕግና አሠራር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ አካል በጥንቃቄ የመያዝ ኃላፊነት አለበት። የተማሪ ስም፣ ዕድሜና ውጤት የግል መረጃ አይደለም ወይ? ነው እንጂ! በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኦንላይንም መሰጠቱ ደግሞ ኮምፒዩተርን መጠበቅ ማለት ፈተናን መጠበቅ ማለት መሆኑን ለሁላችንም አሳይቷል።

ለ. ለመሆኑ ቲፒኤም ምንድን ነው?

ቲፒኤም በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ ወይም በማቀነባበሪያው ውስጥ የሚገኝ ትንሽ ቺፕ ነው። ደረጃውን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ትረስትድ ኮምፒዩቲንግ ግሩፕ የተባለ የኩባንያዎች ማኅበር ነው። አሁን የምንጠቀምበት 2.0 እትም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ በ2015 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል፤ ቁጥሩም አይኤስኦ 11889 ነው።

ሥራው በአጭሩ ሦስት ነው።

1ኛ. ቁልፍ ይጠብቃል። ምስጢራዊ ቁልፎችን በውስጡ ያመነጫል፤ ዋናዎቹን ቁልፎችም ራቁታቸውን ወደ ውጭ አያወጣም። ፊርማ ከተፈለገ ራሱ ፈርሞ ይሰጣል እንጂ ቁልፉን አሳልፎ አይሰጥም። ማኅተሙን በኪሱ ይዞ ወረቀት ሲመጣለት ብቻ እንደሚያትም ጸሐፊ ማለት ነው።

2ኛ. ይለካል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች በየተራ እየመዘገበ «ዛሬ የተነሣው የትናንቱ ነው ወይስ ሌላ?» የሚለውን ለማወቅ ያስችላል።

3ኛ. ያሽጋል። አንድን ቁልፍ «ኮምፒዩተሩ በዚህ ሁኔታ ከተነሣ ብቻ ይሰጥ» ብሎ ያትምበታል። ሁኔታው ከተለወጠ ማኅተሙ አይፈታም። ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ሐ. መለካት ማለት ምን ማለት ነው?

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። በፋሲል ግቢ ዙሪያ 12 በሮች እንደነበሩ ከታሪክ ትምህርት እናውቃለን። አሁን አንድ እንግዳ በሦስት በሮች አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል እንበል። እያንዳንዱ በር ጠባቂ ቀጣዩን ጠባቂ ደኅና አድርጎ አይቶ፣ መልኩን በአንድ መዝገብ ላይ ከጻፈ በኋላ ብቻ ሥራውን ያስረክበዋል። መዝገቡ ላይ መጨመር እንጂ መሠረዝ አይቻልም። መጨረሻ ላይ መዝገቡን ያየ ሰው በመንገድ ላይ የተተካ ጠባቂ ካለ ያውቃል።

ቲፒኤምም እንዲህ ዓይነት መዝገቦች አሉት፤ ፒሲአር ይባላሉ። በተለመደው ኮምፒዩተር ላይ ከ0 እስከ 23 ተቆጥረው 24 ናቸው። በእነዚህ ላይ በቀጥታ መጻፍ አይቻልም፤ የሚቻለው «ማስረዘም» ብቻ ነው። ይኸውም አሮጌው ቁጥርና አዲሱ ልኬት ተጣምረው በአንድ የሒሳብ ወፍጮ ይፈጩና የሚወጣው ውጤት በአሮጌው ቦታ ይተካል። ወፍጮው ዛሬ በብዛት ሻ-256 የተባለው ቀመር ነው።

ሻ-256ን በእጅ መሥራት ያደክማል። ስለዚህ ለክፍል የሚሆን ትንሽ ወፍጮ እንሥራ። ደንቡ ይህ ነው፦ አሮጌውን ቁጥር በ7 አባዛ፣ አዲሱን ልኬት ደምር፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ብቻ ያዝ። መነሻው 0 ነው። የሦስቱ ፕሮግራሞች ልኬት 12፣ 35 እና 48 ይሁን።

አንደኛ፦ 0 × 7 + 12 = 12። መዝገቡ 12 ይሆናል።
ሁለተኛ፦ 12 × 7 + 35 = 119። መዝገቡ 19 ይሆናል።
ሦስተኛ፦ 19 × 7 + 48 = 181። መዝገቡ 81 ይሆናል።

እንግዲህ ቁልፉ «81 ከሆነ ተከፈት» ተብሎ ታተመ። አሁን አንድ ሌባ ሁለተኛውን ፕሮግራም በጥቂቱ ለወጠውና ልኬቱ ከ35 ወደ 36 ሄደ። 12 × 7 + 36 = 120፣ መዝገቡ 20፤ 20 × 7 + 48 = 188፣ መዝገቡ 88። ቁልፉ አልተከፈተም። ሌባው ምንም ሳይለውጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅደም ተከተል ብቻ ቢገለብጥስ? 35፤ ቀጥሎ 35 × 7 + 12 = 257፣ መዝገቡ 57፤ ቀጥሎ 57 × 7 + 48 = 447፣ መዝገቡ 47። አሁንም አልተከፈተም። ስለዚህ መዝገቡ የሚያስታውሰው ማን እንዳለፈ ብቻ ሳይሆን በምን ተራ እንዳለፈም ጭምር ነው።

በእኛ ትንሽ ወፍጮ ሊሆኑ የሚችሉት ውጤቶች 100 ብቻ ስለሆኑ ብልጥ ተማሪ 81 የሚሰጥ ሌላ ቁጥር ፈልጎ ያገኛል። በሻ-256 ግን የውጤቶቹ ብዛት 2 በ256 ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። ይኼን ሞክሮ ለመጨረስ ዕድሜ አይበቃም።

መ. ቨርቹዋል ማሽንና አስመሳዩ ቺፕ

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ እውነተኛ ኮምፒዩተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ሌላ ኮምፒዩተር ነው። እውነተኛውን አስተናጋጅ፣ ውስጠኛውን እንግዳ እንለዋለን። እንግዳው ዲስክ ያለው ይመስለዋል፤ እሱ ግን በአስተናጋጁ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። የኔትወርክ ካርድ ያለው ይመስለዋል፤ እሱም ሶፍትዌር ነው። እንዲህ ከሆነ ቲፒኤምስ ለምን አይመሰልለትም?

ተመስሎለታልም። በሊኑክስ ዓለም ሊብቲፒኤምኤስና ኤስደብሊውቲፒኤም የተባሉ፣ ከአይቢኤም መሐንዲሶች የወጡ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። የመጀመሪያው የቺፑን ሥራ በኮድ ይሠራል፤ ሁለተኛው ያንን ይዞ ለእያንዳንዱ እንግዳ ለብቻው እንደ አንድ ቺፕ ይቆምለታል። ኪውኢሙ የተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሞተር እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ከዚህ አስመሳይ ጋር መነጋገር ይችላል። ቨርቹዋልቦክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 7.0 እትሙ የራሱን አስመሳይ ቲፒኤም ይዞ መጥቷል።

«ታዲያ አስተናጋጁ ላይ እውነተኛ ቺፕ ከሌለ አስመሳዩ ይሠራል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሱ አዎ ይሠራል ነው። አስመሳዩ የእውነተኛውን ቺፕ ዕርዳታ አይጠይቅም። ነገር ግን አንድ ነገር ይታወቅ፤ አስመሳዩ የሚሞላው የቺፑን ጉድለት ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ዲስክ ይፈልጋል። 4 ጊጋባይት ብቻ ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ 4 ጊጋባይት የሚፈልግ እንግዳ ማስገባት በአንድ እንጀራ ሁለት ቤተሰብ ልመግብ እንደ ማለት ነው። አስተናጋጁ ቢያንስ 8 ቢኖረው ይመረጣል።

ሠ. አዘገጃጀቱ ደረጃ በደረጃ

ቀጥሎ ያለው አካሄድ ኡቡንቱን በመሰለ ሊኑክስ ላይ ቨርት-ማናጀር የተባለውን መስኮት ለሚጠቀም ሰው ነው።

1ኛ. በአስተናጋጁ ባዮስ ውስጥ የማቀነባበሪያው የቨርቹዋል ማሽን ድጋፍ መከፈቱን ማየት። በኢንቴል ቪቲ-ኤክስ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤኤምዲ-ቪ ይባላል። ካልተከፈተ እንግዳው እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል።

2ኛ. ኪውኢሙን፣ ሊብቨርትን፣ ቨርት-ማናጀርን፣ ኦቪኤምኤፍን እንዲሁም ኤስደብሊውቲፒኤምንና መሣሪያዎቹን መጫን። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ይረሳና «ቲፒኤም አይገኝም» የሚል መልእክት ሲያይ ይደነግጣል። መድኃኒቱ ይህን ጥቅል መጫን ብቻ ነው።

3ኛ. አዲስ ማሽን ሲፈጠር በመጨረሻው ገጽ ላይ «ከመጫኑ በፊት አስተካክል» የሚለውን ምልክት ማድረግ። ይህ ሊሠመርበት ይገባል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣውን የማስነሻ ዓይነት ሥርዓቱ ከተጫነ በኋላ መለወጥ ችግር ያመጣል።

4ኛ. የማሽኑን ዓይነት ኪው35፣ የማስነሻውን ዓይነት ዩኢኤፍአይ ማድረግ። አሮጌው ባዮስ አይበቃም። ሴኪዩር ቡትን የሚደግፈው የኦቪኤምኤፍ ፋይል ቢመረጥ ይሻላል።

5ኛ. «ዕቃ ጨምር» የሚለውን ተጭኖ ቲፒኤም መምረጥ። ዓይነቱ «አስመሳይ»፣ እትሙ 2.0 ይሁን። ሞዴሉ ቲአይኤስ ወይም ሲአርቢ ሊሆን ይችላል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ቲአይኤስ የቆየው የመነጋገሪያ መንገድ ስለሆነ ለ1.2ም ለ2.0ም ያገለግላል፤ ሲአርቢ አዲሱ ነው፣ ለ2.0 ብቻ ይሆናል። ለዊንዶውስ 11 ሲአርቢን መምረጥ የተለመደ ነው።

6ኛ. ሥርዓቱን ጭኖ ማረጋገጥ። በዊንዶውስ ውስጥ «ቲፒኤም ነጥብ ኤምኤስሲ» የተባለውን ትእዛዝ ስናስገባ «ለሥራ ዝግጁ ነው» የሚል መልስና 2.0 የሚል እትም መታየት አለበት። በሊኑክስ እንግዳ ውስጥ ደግሞ በመሣሪያዎች ማኅደር ውስጥ «ቲፒኤም0» የሚል ስም ይታያል።

በሌሎቹ ፕሮግራሞችም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ በጥቂቱ ብቻ ይለያያል። በቨርቹዋልቦክስ በማሽኑ ቅንብር ሥር የዋና ሰሌዳውን ገጽ ከፍቶ ቲፒኤም 2.0ን መምረጥና ዩኢኤፍአይን መክፈት ነው። በቪኤምዌር ወርክስቴሽን ቲፒኤም ለመጨመር ማሽኑ አስቀድሞ በይለፍ ቃል መመስጠር አለበት። በማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪ ደግሞ ሁለተኛ ትውልድ የተባለው የማሽን ዓይነት ካልሆነ ቲፒኤም አይሰጥም።

ረ. ማኅተሙ የት ይቀመጣል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። እውነተኛው ቺፕ ምስጢሩን በሲሊከኑ ውስጥ ይይዛል። አስመሳዩ ግን ሲሊከን የለውም፤ ምስጢሩን የሚያስቀምጠው በፋይል ነው! ሊብቨርት ይህን ፋይል ከማሽኑ ዲስክ ጋር አያስቀምጠውም፤ በራሱ ማኅደር ውስጥ፣ ኤስደብሊውቲፒኤም በሚል ስም ሥር፣ በማሽኑ መለያ ቁጥር በተሰየመ ክፍል ውስጥ ለብቻው ያኖረዋል።

ይህን የማያውቅ ሰው ምን ይደርስበታል? እስቲ እናስብ። አንድ መምህር የትምህርት ቤቱን መዝገብ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስገብቶ በቢትሎከር ቆለፈው። አስተናጋጁ ኮምፒዩተር አረጀና አዲስ መጣ። መምህሩ የዲስኩን ፋይል በፍላሽ ገልብጦ ወደ አዲሱ አዛወረው፤ አሮጌውን አጠፋው። አዲሱ ላይ ማሽኑን ሲያስነሣው ሰማያዊ ገጽ ወጥቶ «48 አኃዝ ያለውን የመመለሻ ቁልፍ አስገባ» ይለዋል። ዲስኩ አለ፤ ቁልፉን የያዘው አስመሳይ ቺፕ ግን አሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ቀርቶ ከእሱ ጋር ጠፍቷል። የመመለሻው ቁልፍ በወረቀት ካልተያዘ የሦስት ዓመት የተማሪ ውጤት ማንም ሊከፍተው አይችልም። ትራንስክሪፕት ፈልጎ ከጃናሞራ ቆላ በእግሩ የመጣ ልጅ ምን ተብሎ ይመለሳል?

ስለዚህ ቨርቹዋል ማሽንን ማዛወር ማለት አራት ነገሮችን አብሮ ማዛወር ማለት ነው፤

1. የማሽኑን መግለጫ ፋይል፣ መለያ ቁጥሩ ሳይለወጥ፤
2. የዲስኩን ፋይል፤
3. የዩኢኤፍአይን ማስታወሻ ፋይል፤
4. የአስመሳዩን ቲፒኤም ማኅደር።

ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ጉዞው ጎደሎ ነው። ግልበጣውም ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ መሆን አለበት። በሊብቨርት ላይ ማሽንን ከዝርዝር ውስጥ መሠረዝም የቲፒኤሙን ማኅደር አብሮ ሊያጠፋ እንደሚችል አይዘንጋ፤ በአዲሶቹ እትሞች ላይ «ቲፒኤሙን አቆይ» የሚል አማራጭ አለ።

ማሽንን ማባዛትም የራሱ ጣጣ አለው። ቅጂው አዲስ መለያ ቁጥር ሲሰጠው አዲስና ባዶ ቲፒኤም ያገኛል፤ ስለዚህ በአሮጌው ቺፕ የታተመው ዲስክ አይከፈትለትም። በክፍል ውስጥ 20 ተማሪዎች እንዲሠሩበት አንድ ማሽን ማባዛት ከፈለግን፣ ዲስኩን መቆለፍ ያለብን ከተባዛ በኋላ እንጂ ከመባዛቱ በፊት አይደለም።

ስለ መመለሻ ቁልፉም አንድ ነገር እንጨምር። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። እዚህ ላይ ወረቀት ወዳጃችን ነው። 48ቱ አኃዞች እያንዳንዳቸው 6 አኃዝ ባላቸው 8 ምድቦች ይከፈላሉ። የሒሳብ መምህራን የሚወዱት ነገር ደግሞ እያንዳንዱ ምድብ ለ11 ያለ ቀሪ የሚካፈል መሆኑ ነው። ስለዚህ በእጃችን ስንገለብጥ መሳሳታችንን ወዲያው ማወቅ እንችላለን። ለምሳሌ 135795ን እንውሰድ። አኃዞቹን አንዴ እየደመርን አንዴ እየቀነስን እንሂድ፦ 1 − 3 + 5 − 7 + 9 − 5 = 0። ውጤቱ 0 ወይም የ11 ብዜት ከሆነ ቁጥሩ ለ11 ይካፈላል። በስሕተት 135785 ብለን ብንጽፈውስ? 1 − 3 + 5 − 7 + 8 − 5 = −1። አይካፈልም፤ ስሕተት አለ ማለት ነው። አንድ አኃዝ ቢሳሳትም ሆነ ሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡ ይህ መፈተኛ ይይዘዋል። ወረቀቱን በሁለት ቅጂ ጽፎ፣ በዚህ ዘዴ ፈትሾ፣ አንዱን በርእሰ መምህሩ ካዝና፣ ሌላውን በሌላ ቤት ማኖር ነው። ከኮምፒዩተሩ ጎን ግን አይለጠፍ!

ሰ. የማይሠራው ሥራ

የመሣሪያን ጥቅም የሚያስተምር ሰው ወሰኑንም ማስተማር አለበት። አስመሳይ ቲፒኤም የሚከተሉትን አያደርግም።

አንደኛ፣ ከአስተናጋጁ ባለቤት አይጠብቅም። እውነተኛውን ቺፕ ለመስበር ላቦራቶሪ ሊያስፈልግ ይችላል፤ አስመሳዩ ግን በአስተናጋጁ ላይ እንደ ማንኛውም ፕሮግራም የሚሠራ ስለሆነ አስተናጋጁን የተቆጣጠረ ሰው ፋይሉንም ማስታወሻውንም ሊያነብ ይችላል። በመሆኑም የአስተናጋጁ የራሱ ዲስክና የይለፍ ቃል ካልተጠበቀ የእንግዳው ማኅተም ጌጥ ነው። ሊብቨርት የቲፒኤሙን ፋይል በምስጢር ቃል መመስጠር ይችላል፤ ይህ ግን ማሽኑ ሲፈጠር ከመጀመሪያው የሚወሰን ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ዲስኩንና የቲፒኤሙን ማኅደር በአንድ ፍላሽ ይዞ የሚዞርን ሰው አይጠብቅም። ይህ በሩን ቆልፎ ቁልፉን እበሩ ላይ ሰክቶ መሄድ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚሄድ አውቶቡስ ፍላሹ ቢወድቅ ያገኘው ሰው ሁለቱንም አገኘ ማለት ነው። ማዛወር ግድ ከሆነ በሁለት ፍላሽ፣ በሁለት ጊዜ ወይም በሁለት ሰው ይሁን።

ሦስተኛ፣ በውጭ ሰው ዘንድ ምስክር አይሆንም። የእውነተኛ ቺፕ የልደት ምስክር ወረቀት የሚፈረመው በአምራቹ ፋብሪካ ነው። የአስመሳዩ ግን የሚፈረመው አስተናጋጁ ላይ በሚፈጠር የአካባቢ ፈራሚ ነው። ተማሪው በገዛ እጁ ያተመውን ትራንስክሪፕት ዩኒቨርሲቲ እንደማይቀበለው ሁሉ፣ ከሩቅ ያለ ሰርቨርም ይህን ምስክርነት በራሱ የሚያምንበት ምክንያት የለውም።

አራተኛ፣ ከቫይረስም ሆነ ከደካማ ይለፍ ቃል አያድንም። ማሽኑ ተከፍቶ እየሠራ ሳለ ዲስኩም ተከፍቷል። ቺፑ የሚጠብቀው የተዘጋውን በር ነው።

እንግዲህ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ጥቅሙ የዲስኩ ፋይል ብቻውን ቢሰረቅ ባዶ ጭድ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ የእንግዳው ማስነሻ በድብቅ ቢለወጥ መታወቁ ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለእኛ ለተማሪዎች ውድ ቺፕ ሳናበላሽ ደጋግመን የምንለማመድበት መሆኑ ነው። እውነተኛ ቺፕ ላይ በስሕተት የጠፋ ቁልፍ አይመለስም፤ በአስመሳዩ ላይ ግን ለልምምድ የፈጠርነውን ማሽን አጥፍተን እንደገና መጀመር እንችላለን።

አንድ ተጨማሪ የአሠራር ምክር እነሆ። ቢትሎከር ሴኪዩር ቡት ሲከፈት ቁልፉን ብዙውን ጊዜ የሚያትመው በፒሲአር 7 እና 11 ላይ ነው። ፒሲአር 7 የሴኪዩር ቡትን ሁኔታ ይመዘግባል። ስለዚህ ማሽኑ ከተቆለፈ በኋላ ሴኪዩር ቡትን መዝጋት ወይም የማስነሻውን ፋይል መለወጥ የመመለሻ ቁልፍ ያስጠይቃል። እንዲህ ያለ ለውጥ ከማድረግ በፊት የቢትሎከርን ጥበቃ ለጊዜው ማገድ፣ ከለውጡ በኋላ መልሶ መክፈት ይገባል።

ሸ. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

መምህር ለመሆን ነውና የተቀመጥነው፣ ዘዴውንም እናስብበት። ኮምፒዩተር በሌለበት ወይም መብራት በጠፋበት ክፍል እንኳ ይህን ትምህርት መስጠት ይቻላል። አምስት ተማሪዎች ይነሡ። ሦስቱ በር ጠባቂዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በወረቀት ላይ የተጻፈ ልኬት ይያዙ። አራተኛው መዝገብ ያዥ ሆኖ ከላይ ባሳየነው ደንብ በሰሌዳ ላይ ያስላ። አምስተኛው ሣጥን ይዞ የሚቆም ቺፕ ይሁን፤ 81 ሲመጣ ብቻ ሣጥኑን ይክፈት። ቀጥሎ መምህሩ ክፍሉ ሳያይ ከሦስቱ የአንዱን ወረቀት ይለውጥ። ልጆቹ ሣጥኑ ለምን እንዳልተከፈተ፣ የተለወጠውስ የማን ወረቀት እንደሆነ ራሳቸው ይፈልጉ። ማባዛትንና መደመርን እየተለማመዱ የመታመንን ትርጉም ያገኙታል።

ኮምፒዩተር ባለበት ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚለመድ ደንብ ይኑረን፤ ማንኛውም ዲስክ ከመቆለፉ በፊት የመመለሻ ቁልፉ በወረቀት ይጻፍ፣ በ11 ይፈተሽ፣ ሁለት ሰዎች ያሉበትን ይወቁት። ይህ ሳይሆን መቆለፍ ከሌባ በላይ ራስን ይጎዳል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደተባለው ነው።

መልመጃ

1. በእኛ ትንሽ ወፍጮ ልኬቶቹ 12፣ 35 እና 49 ቢሆኑ መዝገቡ ስንት ይሆናል? ሣጥኑስ ይከፈታል?
2. ከ482614 እና ከ250317 የመመለሻ ቁልፍ ምድብ ሊሆን የማይችለው የትኛው ነው?
3. አንድ ርእሰ መምህር «የዲስኩን ፋይል በየሳምንቱ እንገለብጣለን፤ ስለዚህ አንሰጋም» ቢሉ በአክብሮት ምን ትሏቸዋላችሁ?
4. አስመሳዩ ቲፒኤም ያለው ማሽን ለምን ከአስተናጋጁ ባለቤት አይደበቅም?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች፦ 1) 82፤ አይከፈትም። 2) 250317፤ ምክንያቱም 2 − 5 + 0 − 3 + 1 − 7 = −12 ነው፣ −12 ደግሞ የ11 ብዜት አይደለም። 482614 ግን −11 ስለሚሰጥ ይካፈላል። ሦስተኛውንና አራተኛውን በመኝታ ክፍልም ሆነ በቤተ መጻሕፍት ተወያዩባቸው፤ መልሳችሁን ጽፋችሁ በዚሁ ሰሌዳ ሥር ብትለጥፉት ሌላው ያነበዋል፣ ያርመዋልም።